ባጅ የሌለው አይናገርም

ሰኔ 5

ዝናብ። ሰባተኛ ሀ ግማሹ ባዶ። ክለሳውን ለወንበር ሳስተምር አረፈድኩ።

ከሰዓት የምክር ቤት ስብሰባ ነበረብን። በሩ ላይ ያው ጉድ። ጥበቃው አበረ መፈተሻውን ይዞ ቆሟል፤ ሚስቱ ትሕትና ሴቶቹን ትፈትሻለች። ከፊቴ አቶ ደመላሽ፣ የከብት ነጋዴው፣ በዕድሜም በድምፅም የምክር ቤቱ ትልቅ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻ መለስ፣ ሽመላቸውን ጠበቅ… "እኔን ልትፈትሽ?" ብለው አለፉ። አበረ መፈተሻውን ከጀርባው ደበቀ። ጭራሽ እሱ ያጠፋ ይመስል። ሌሎቹ አባላትም "ከአቶ ደመላሽ ጋር ነን" እያሉ ተከትለው ገቡ። ሰርግ ነው እንዴ?

እኔ ክንዴን ዘርግቼ ቆምኩ። ትሕትና ቦርሳዬን ስትበረብር ከታች የተረሳ ቆሎ አገኘች። "መምህርት፣ ይህም አደገኛ ነው፤ ጥርስ ይሰብራል" አለችኝ። ሳቅን።

ግን ያናድዳል። አምና እዚሁ በር ላይ በመሬት ክርክር የመጣ ሰው ጋቢ ሥር ሽጉጥ ተገኝቶ አልነበረም? ያን ቀን ሁላችንም ፍተሻ ይጥበቅ ብለን ጮኸናል። ይጥበቅ ያልነው ለሌላው ሰው ኖሯል።

ሰኔ 12

እህቴ ጥላነሽ መጣች። ወገቧ ድረስ ረጥባለች። ወንዙ፣ ግራር ውሃ፣ ሞልቷል። ዛሬ የሰባተኛ ክፍል ማጠቃለያ ፈተና ነበር፤ ልጇ ሂዊ አልመጣችም።

"ከወንዙ ዳር ቆማ ታለቅሳለች። እኔ ነኝ የከለከልኳት" አለች።

እንዴት ልፍረድባት? ካቻምና ሂዊን ወንዙ ሲወስዳት የያዛት የሾላ ሥር ነው። አውጥተን አፏን ስንከፍት ጭቃ ነበር የሞላው። ያን ቀን ለጥላነሽ ድልድይ አሠራለሁ አልኳት። ለሰፈሩም ሁሉ አልኩ። በዚያው ቃል ነው የመረጡኝ።

ርዕሰ መምህሩን ጠየቅኩ። ሌላ ፈተና የለም፣ ትደግማለች ተባለ። ጎበዝ ልጅ በውሃ ምክንያት ዓመት ትድገም…

ሰኔ 24

የፍተሻው ደንብ ጸደቀ። እኔ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ ስለሆንኩ ረቂቁ የኔ ነው። የተፈተሸ አባል በሩ ላይ ባጅ ያንጠለጥላል። ባጅ የሌለው በዚያ ጉባኤ ድምፅ መስጠት ይችላል፤ መናገር ግን አይችልም። ስሙም ከመድረክ ይነበባል።

አቶ ደመላሽ ተነሡ። "ሕዝብ የመረጠውን ሰው እንደ ሌባ ልትዳብሱት ነው?"

"ሌባ ያልሆነ ሲዳበስ ምን ይጎድልበታል?" አልኩ።

"እሺ፣ ከገባሁ በኋላ ብፈተሽስ? ከፈለጋችሁ ምሳ ሰዓት ላይ እፈተሻለሁ።"

ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው፤ በኋላ፣ ምሳ ላይ፣ በሚቀጥለው። በንዴት እዚያው ቆሜ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ "ሳይፈተሽ የገባ አባል ተመልሶ ወጥቶ በመፈተሽ ጥፋቱን ማካካስ አይችልም።" አፈ ጉባኤው አቶ አምደሚካኤል "ይህች አልበዛችም?" አሉኝ። አልበዛችም አልኩ። እጅ ወጣ፤ ጸደቀ።

ቤት ስገባ ለሙሉሰው ነገርኩት። ባሌ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል "ለሰው የቆፈርሽው ጉድጓድ ሰፋ አድርጊው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም" አለኝ። ተረት ማብዛት ይወዳል።

ሐምሌ 4

የበጀት ጉባኤው ሐምሌ 21 ነው። ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ አለ ተባለ። ወይ የግራር ውሃ የእግረኛ ድልድይ፣ ወይ የከብት ገበያው አጥር። አጥሩን ያመጡት ማን ናቸው? መጠየቅስ ያስፈልጋል?

መንገድ ላይ አገኘኋቸው።

"አንች ልጅ፣ ድልድዩ የትም አይሄድም፤ ለከርሞ ይደርሳል" አሉኝ።

"ወንዙ ግን ይሄዳል አቶ ደመላሽ። ልጅም ይዞ ይሄዳል።"

እሳቸውም "አጥር የሌለው ገበያ የሌባ ሲሳይ ነው" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እሱም እውነት ነው፤ የበለጠ ያናደደኝም ይኸው ነው።

ሐምሌ 10

ንግግሬን ጻፍኩ። ለሙሉሰው አነበብኩለት። "ረዘመ" አለ። አሳጠርኩ። "አሁን ደግሞ ያስለቅሳል" አለ። ያስለቅስ! ለዚህ እኮ ነው የተጻፈው።

ሐምሌ 15

ደብረ ማርቆስ፣ ለፈተና እርማት። ስልክ ተደወለ፤ የአበረ እናት አርፈዋል። ቀብሩ ዛሬ። በዚህ ዝናብ፣ በዚህ መኪና እጦት እንዴት ልድረስ? ትሕትና አማቷን ስንት ዓመት አስታማለች፤ እንደ እናቷ ነበሩ። ቀብር አለመድረስ ከባድ ነው። ስመለስ ቤታቸው እሄዳለሁ።

ሐምሌ 20

ማታ ደክሞኝ ገባሁ። ለቅሶ ቤት አልሄድኩም። ነገ ከጉባኤው በኋላ።

ሐምሌ 21

ልናደድ ወይስ ልሳቅ፣ አላውቅም። በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ አለዚያ ነገ ራሴም አላምነውም።

ጠዋት ማልጄ ሄድኩ። ንግግሬ በቦርሳዬ። ደንቡን ያረቀቀች ሰው ቀድማ ትፈተሽ፣ ለሌላው ምሳሌ ትሁን ብዬ… በሩ ላይ ስደርስ አበረ ጥቁር ለብሷል፣ ጺሙ አድጓል። ትሕትናም በጥቁር፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ከሐዘን ቤት ወጥተው የመጀመሪያ የሥራ ቀናቸው ነው። ተተኪ ሰው ጠፋ ተብሎ እነሱው ቆመዋል።

ትሕትና ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ። "አልመጣሽምሳ፣ መምህርት" አለች።

በቃ። አቀፍኳት። አለቀሰች፣ አለቀስኩ። እንዴት እንዳረፉ ነገረችኝ፤ ውሃ ጠይቀው፣ ውሃው ሳይደርስ። አግዳሚው ላይ አብረን ተቀመጥን። ቆይቼ "እግዜር ያጥናሽ" ብዬ ግንባሯን ሳምኩና ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅኩ፣ አንገቴን ደፍቼ ወደ አዳራሹ ገባሁ።

ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እንባዬን ስጠርግ ነው ደረቴን ያየሁት። ባጅ የለም።

ዞር ብዬ ሌላውን አየሁ። ማንም የለውም! ከየቀበሌው የመጣው ሁሉ እንደኔ ቀብር ያልደረሰ ነው። በመስኮት አያቸዋለሁ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጋቢውን አዘቅዝቆ፣ ከአበረ ጎን ቁጭ… "ነፍስ ይማር"… ከዚያ አንገቱን ደፍቶ መግባት። እናቱን የቀበረ ሰው ፊት ክንዱን ዘርግቶ "በል ዳብሰኝ" የሚል የት አገር አለ? አበረስ የሚያጽናናውን ሰው እንዴት ኪሱን ይበርብር? መፈተሻው አግዳሚው ሥር ወድቋል። የጸጥታ ኃላፊው ራሱ እዚያው ተቀምጦ ያለቅሳል። ባጆቹ በካርቶናቸው ጠረጴዛው ላይ፣ አንድም ሳይነካ።

አቶ አምደሚካኤል ደወሉን መቱ። "ባጅ ያላንጠለጠለ እንደማይናገር አስታውሳለሁ" ብለው ጀመሩ… ከዚያ ወደ ራሳቸው ደረት ተመለከቱ። ጉሮሯቸውን ጠርገው "መምራት መናገር አይደለም" አሉ።

ይኼኔ በሩ ተከፈተ። አቶ ደመላሽ። አርፍደው። አንገታቸው ላይ ባጅ!

እሳቸው ለካ ቀብሩ ላይ ነበሩ። አስከሬን ተሸክመዋል፣ ሐዘን ቤትም ሰልስቱን ሙሉ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ዛሬ የሚያደርሱት ለቅሶ የለባቸውም። "እንደምን አደርክ አበረ" ብለው ሊያልፉ ሲሉ፣ አበረ እንባውን ጨርሶ ተነሥቷል። "ክንድዎን" አላቸው። ከሱ ጋር ሦስት ቀን በሐዘን የተቀመጠ ሰው እንዴት እንቢ ይበለው? ዘረጉ። ሽመላቸውንም አስረከቡ። ይህን ሁሉ ትሕትና ናት በኋላ የነገረችኝ።

አንዱ አባል ብድግ ብሎ "ወጥተን ተፈትሸን እንመለሳ" አለ።

"ባጅ የለህም፣ ቁጭ በል" አሉ አፈ ጉባኤው። ቀጥለው ደንቡን ገለጡና አነበቡ። "…ተመልሶ ወጥቶ በመፈተሽ ጥፋቱን ማካካስ አይችልም።" የአዳራሹ አንገት በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ወንበሩ ሥር መግባት ነው ያማረኝ።

ደንቡ ለዛሬ ይነሣ እንዳይባል፣ ሐሳቡን የሚያቀርብ መናገር የሚችል ሰው መሆን አለበት። ያ ሰው ደግሞ አንድ ነው።

"አቶ ደመላሽ፣ ሐሳብ ያቀርባሉ?"

"ደንብ ደንብ ነው" አሉ፣ ባጃቸውን እያስተካከሉ። "እኔ ስቃወመው አጽድቃችሁታል።"

እንዴት እንደጣማቸው! እንደ ጠጅ ነው ያጣጣሙት።

በደንቡ መሠረት የአጥፊዎች ስም ይነበብ ተባለ። አፈ ጉባኤው ከራሳቸው ስም ጀምረው ምክር ቤቱን በሙሉ አነበቡ። እኔ ጋ ሲደርሱ "የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ መምህርት መቅደላዊት" ብለው ትንሽ ቆሙ። ማለፍ ይችሉ ነበር እኮ…

ከዚያ አጀንዳው። ድልድይ ወይስ አጥር። "አስተያየት ያለው?"

ንግግሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ቦርሳዬን በሁለት እጄ ይዣለሁ። ሂዊ ዓይኔ ላይ መጣች፤ አፏ ጭቃ ሞልቶ። አንዲት ቃል፣ አንዲት ብቻ ብትፈቀድልኝ። የከለከልኩት ደግሞ እኔው ነኝ። እንዲህ ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

አቶ ደመላሽ ተነሡ። ማይኩን ያዙ። አለቀልን አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን አዳራሹን አዩ፣ ባጃቸውን አዩ፣ በመስኮት ወደ ወንዙ ማዶ አዩ። ደስታው ከፊታቸው ላይ ጠፍቷል።

"ስለ ወንዙ የሚያውቁት መምህርት ናቸው" አሉ። "መምህርት፣ ግራር ውሃ በክረምት ያሻግራል?"

አፌን ስከፍት አቶ አምደሚካኤል ጠረጴዛውን አንኳኩ። ራሴን ነቀነቅኩ፣ የለም ብዬ።

"ልጆቹ ወገብ ለወገብ በገመድ ታስረው ነው የሚሻገሩት?"

ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግኩ። አስቤ አይደለም። አዎ ለማለት ሁላችንም የምናደርጋት ነገር፣ ሳል ያህል እንኳ የማትሰማ። በዚያ ጸጥታ ግን ተሰማች።

"ተናገሩ!" አለ አንዱ ከኋላ።

"አንተም ተናገርክ" አሉት አፈ ጉባኤው። መነጽራቸውን አድርገው ደንቡን እንደገና ገለጡ። "መናገር ይላል… መተንፈስ አይልም። ይቀጥሉ።"

"የእህትዎ ልጅ ዘንድሮ ፈተና ያመለጣት በዚህ ምክንያት ነው?"

ሳብኩ። ይህችኛዋ ግን አልመለስ አለች። ደረቴ ላይ ቆመች፣ ከዚያ እንባ ሆና ወጣች። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፣ እንደ ሕፃን። ያስለቅሳል የተባለው ንግግር ሳይነበብ።

"ጨርሻለሁ" ብለው አቶ ደመላሽ ተቀመጡ።

ድምፅ ተሰጠ። ለድልድዩ እጅ ሲወጣ ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ። ሳይ የእጅ ጫካ ነው። አንድ ድምፀ ተአቅቦ ብቻ፤ አቶ ደመላሽ። "ለአጥሩ የገባሁትን ቃል አልበላም" አሉ። ምን ዓይነት ሰው ናቸው?

ድልድዩ አለፈ። አለፈ!

ሐምሌ 23

ሙሉሰው ሱቅ ጋቢያቸውን ሊያስጠልፉ መጡ። ደፍሬ ጠየቅኳቸው፤ ለምን?

"አንች ልጅ፣ ላንች ብዬ እንዳይመስልሽ" አሉ። "ጉባኤው ሁሉ ቢናገር ኖሮ እኔም ተናግሬ አስቀረው ነበር። ሲቀር ጥፋቱ የሁላችን ይሆናላ። ብቻዬን ተናግሬ ብቻዬን ላስቀረው? የማዶ ሰው ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በሬውን ይሸጥልኛል? ከርሞ አንዱ ልጅ ቢወሰድስ ማን በላው ሊባል ነው? ባጁን አንገቴ ላይ ያንጠለጠልሽው አንች ነሽ።"

"ስለዚህ ፈርተው ነው?"

"ብቻውን የሚናገር ሰው ይፈራል። ያን ለት ነው ያወቅሁት።"

ሄዱ። ሙሉሰው መርፌውን እንደነከሰ ይስቃል። እኔ ግን አልሳቅሁም። በአንድ በኩል ላመሰግናቸው፣ በሌላ በኩል በያዙት ሽመል ልላቸው… አመሰገንኩ መሰለኝ። አላስታውስም።

ጥቅምት 8

ደንቡ ተሻሻለ። ተመልሶ መፈተሽ ይቻላል። አግዳሚው ከመፈተሻው ወደ ውስጥ ገባ፤ መጀመሪያ ክንድ፣ ከዚያ ለቅሶ። ሐዘን ያለበት ፈታሽም በር ላይ አይቆምም። ይህን መጀመሪያ ማሰብ የማን ሥራ ነበር? የኔ። ስለ ኪስና ስለ ጋቢ ሳስብ፣ በሩ ላይ የሚቆመው ሰውም እናት እንዳለው አላሰብኩም።

ግንቦት 30

ድልድዩ ተመረቀ። ወፍራም ሽቦ፣ የእንጨት ርብራብ፣ በግራ በቀኝ መያዣ። ሪባኑን ማን ቆረጠ? አቶ ደመላሽ። የማዶ ሰው እልል አለ። "የደመላሽ ድልድይ" ይሉታል። ሰምተዋል፣ ሰምተውም ዝም አሉ። እኔ ከኋላ ዣንጥላ ይዤ ነበር።

"ስሙን እኔ አላወጣሁትም" አሉኝ በጎን ሲያልፉ።

"አልከለከሉምም" አልኳቸው።

ሰኔ 10

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ወደ ግራር ውሃ ሄድኩ፣ ምንም ጉዳይ ሳይኖረኝ። ወንዙ ደፍርሶ ያገሳል፣ የዛፍ ግንድ ይነዳል። ሾላዋን ውሃው ውጧታል፤ ሥሯ አይታይም።

ሂዊ በድልድዩ ላይ መጣች። ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ፣ መያዣውን ሳትነካ፣ እየሮጠች። ፈተናዋ ዛሬ ነው፤ ያው የአምናው። ጫማዋን አየሁ። ደረቅ። ቁጭ ብዬ ላልቅስ ነበር፤ ጭቃው ከለከለኝ።

ከሂዊ ኋላ አንዲት ትንሽ ልጅ አለች፣ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የገባች የምትመስል፣ የማላውቃት። ርብራቡን እየረገጠች ትሞክራለች። ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

"እትዬ፣ ይህን ያሠራው ጋሽ ደመላሽ ነው አይደል?"

ምን ይባላል? አንድ ዓመት ሙሉ የተናደድኩት፣ ረቂቁ፣ ባጁ፣ ያልተነበበው ንግግሬ፣ ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ዛሬ ማንም አልከለከለኝም። ባጅም አያስፈልግም።

ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግኩላት።

ልጅቷም በቅቷት ሂዊን ተከትላ ሮጠች።